በብሮውዘርና በካሽ ፕሮክሲ መካከል ስለሚደጋገም የግንኙነት መቋረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሮክሲ ሲኖር ብሮውዘሩ የሚገናኘው ከማን ጋር ነው?

ካሽ ፕሮክሲ በብሮውዘሩና በድረ ገጹ ሰርቨር መካከል ቆሞ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፍ፣ የተጠየቁ ገጾችንም ካሽ በተባለው ማከማቻው ለኋላ የሚያስቀምጥ ነው። ስለዚህ ብሮውዘሩ ከድረ ገጹ ሰርቨር ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። ከብሮውዘሩ እስከ ፕሮክሲው አንድ የቲሲፒ (መረጃ በፓኬት ተከፋፍሎ ሳይጎድል እንዲደርስ የሚያደርገው የኔትወርክ ደንብ) ግንኙነት አለ፤ ከፕሮክሲው እስከ ድረ ገጹ ሰርቨር ደግሞ ሌላ። የተጠየቀው ገጽ ቀደም ሲል በካሹ ውስጥ ተቀምጦ ከነበረና ጊዜው ካላለፈበት ሁለተኛው ግንኙነት ጭራሹን ላይከፈት ይችላል። ሁለቱ የሚከፈቱትም የሚዘጉትም በየራሳቸው በመሆኑ አንደኛው ደህና ሆኖ ሳለ ሌላኛው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ የተቋረጠው የትኛው ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይለይ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ግምት ነው፤ ብዙ ሰዓት የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው።

የተቋረጠው የትኛው ግንኙነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የስህተቱን ገጽ ማን እንደጻፈው ይመልከቱ። ፕሮክሲው ግንኙነት እንደማይቀበል፣ ግንኙነቱ በድንገት እንደተቋረጠ ወይም ምንም ምላሽ እንዳልመጣ የሚናገረው ብሮውዘሩ ራሱ ከሆነ ችግሩ ያለው በብሮውዘሩና በፕሮክሲው መካከል ነው። 502፣ 503 ወይም 504 የሚል ቁጥር (ከሰርቨሩ ተገቢው ምላሽ እንዳልተገኘ የሚናገር የስህተት ቁጥር) የያዘና በግርጌው የፕሮክሲውን ስም የሚያሳይ ገጽ ከመጣ ግን ፕሮክሲው ከእርስዎ ጋር ያለው ግንኙነት ደህና ነው፤ ገጹን ሊያደርስልዎ የቻለውም ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ብልሽቱን ከፕሮክሲው ወዲያ መፈለግ ይገባል።

ይህ መለያ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። በኤችቲቲፒኤስ አድራሻዎች ላይ ብሮውዘሮች ለደኅንነት ሲባል ፕሮክሲው የላከውን የስህተት ገጽ አያሳዩም፤ በምትኩ በፕሮክሲው በኩል መተላለፊያ መክፈት አልተቻለም የሚል የራሳቸውን አጭር መልእክት ያወጣሉ። ፕሮክሲው 403 (ተከልክሏል) ይበል፣ 502 ይበል፣ 503 ይበል ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ የሚያየው ያንኑ አንድ መልእክት ነው። እንዲህ ሲሆን ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በፕሮክሲው ሎግ (የሥራ መዝገብ) ወይም ከርል በተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ነው። ከርል ፕሮክሲውን እንዲጠቀምና ዝርዝሩን እንዲያወጣ ከታዘዘ ፕሮክሲው የመለሰውን የመጀመሪያ መስመር እንዳለ ያሳያል። ያንኑ ትእዛዝ በፕሮክሲው ማሽን ላይ ገብቶ ያለ ፕሮክሲ መሞከር ደግሞ ሁለተኛውን ግንኙነት ለብቻው ይፈትሻል።

ቋሚ ግንኙነት ሲባል ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያው የኤችቲቲፒ አሠራር ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የቲሲፒ ግንኙነት ይከፈት ነበር፤ ምላሹ ሲያልቅም ይዘጋ ነበር። ሠላሳ ምስሎች ያሉበት ገጽ ለመክፈት ሠላሳ አንድ ጊዜ መክፈትና መዝጋት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 መስፈርት፣ አርኤፍሲ 2068፣ ግንኙነቱ ተከፍቶ እንዲቆይና ተከታታይ ጥያቄዎች እንዲያልፉበት ማድረጉን ነባሪ አሠራር አደረገው። ቋሚ ይባል እንጂ ለዘለዓለም አይቆይም፤ ለተወሰነ ጊዜ ጥያቄ ካላለፈበት አንደኛው ወገን ይዘጋዋል። እዚህ ከሚነሡት ጥያቄዎች የሚበዙት የሚመጡት ማን ቀድሞ፣ መቼ፣ እንዴት እንደዘጋው ካለመታወቁ ነው።

ከዚያ በፊት በኤችቲቲፒ 1.0 ዘመን ግንኙነቱ እንዲቆይለት የሚፈልግ ብሮውዘር «ኮኔክሽን፦ ኪፕ አላይቭ» የሚል ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላክ የመግለጫ መስመር) ይልክ ነበር። ይህ ሄደር የሚመለከተው ቀጣዩን ተቀባይ ብቻ ነው። ነገሩን የማያውቅ አሮጌ ፕሮክሲ ግን ሄደሩን እንዳለ ወደ ሰርቨሩ ያሳልፈው ነበር፤ ሰርቨሩ «እሺ» ብሎ ግንኙነቱን ክፍት ሲያደርግ ፕሮክሲው መዘጋቱን ሲጠብቅ ገጹ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ኔትስኬፕ ይህን ለማለፍ «ፕሮክሲ ኮኔክሽን» የተባለ ሌላ ሄደር አመጣ። ሄደሩ ወደ መስፈርቱ ገብቶ ባያውቅም ብሮውዘሮች ዛሬም ሲልኩት ይታያል፤ በፓኬት ቅጂ (በመስመሩ ካለፉት ፓኬቶች በተቀዳ መዝገብ) ላይ ቢያዩት የብልሽት ምልክት አድርገው አይውሰዱት።

ገጹ አንዳንዴ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ይላል፤ ወዲያው ደግሜ ስጫን ግን ይከፈታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ይህ የቋሚ ግንኙነት ዓይነተኛ ምልክት ነው። ተጠቃሚው አንድ ጽሑፍ ከፍቶ ሲያነብ ይቆያል እንበል። ግንኙነቱ ሥራ ፈትቶ ክፍት ነው። ፕሮክሲው ሥራ ለፈታ ግንኙነት የሰጠው ጊዜ 120 ሰከንድ ቢሆን፣ 120ኛው ሰከንድ ሲሞላ «ጨርሻለሁ» የሚለውን የመዝጊያ ፓኬት ይልካል። ይህ ፓኬት በመንገድ ላይ ሳለ ተጠቃሚው ቀጣዩን ሊንክ ይጫናል። ብሮውዘሩ መዝጊያው ስላልደረሰው ግንኙነቱ ክፍት መስሎት ጥያቄውን በዚያው ይልካል። ሁለቱ ፓኬቶች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ጥያቄው ፕሮክሲው ጋ ሲደርስ ተቀባይ የለውም፤ ፕሮክሲውም አርኤስቲ በሚባለው የማቋረጫ ፓኬት ይመልሳል።

በፓኬት ቅጂ ላይ ሲታይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ ረጅም ዝምታ፣ ከፕሮክሲው የመጣ መዝጊያ፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ከብሮውዘሩ የወጣ ጥያቄ፣ ከዚያ አርኤስቲ። ማንም አላጠፋም፤ ሁለቱም ደንቡን ጠብቀዋል። ብሮውዘሮች ይህን ስለሚያውቁ ቢደገም ጉዳት የማያመጣን ጥያቄ፣ ለምሳሌ ገጽ ለማየት ብቻ የሚላከውን ጌት የተባለ ጥያቄ፣ በአዲስ ግንኙነት ራሳቸው ደግመው ይልኩታል። ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ ምንም የማያስተውለው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በኔትወርኩ ላይ መዘግየቱ በጨመረ ቁጥር ሁለቱ ፓኬቶች የሚተላለፉበት ዕድል ይሰፋል፤ ዘገምተኛ መስመር ባለበት ስህተቱ ጎልቶ የሚታየውም ለዚህ ነው።

የጊዜ ገደቦቹን ታዲያ እንዴት ላስተካክል?

ደንቡ አንድ ነው፦ ቀጣዩን ጥያቄ የሚልከው ወገን ቀድሞ ይዝጋ። ጥያቄ ላኪው ራሱ ከዘጋው የዘጋውን ስለሚያውቅ በተዘጋ ግንኙነት ላይ ጥያቄ አይልክም። ስለዚህ በብሮውዘሩና በፕሮክሲው መካከል የብሮውዘሩ ገደብ ከፕሮክሲው ማጠር አለበት፤ በፕሮክሲውና በድረ ገጹ ሰርቨር መካከል ደግሞ ጥያቄ ላኪው ፕሮክሲው ስለሆነ የፕሮክሲው ገደብ ከሰርቨሩ ማጠር ይኖርበታል።

ነባሪ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ያስረዳል። ፋየርፎክስ ሥራ የፈታን ግንኙነት ለ115 ሰከንድ ያቆያል፤ ስኩዊድ የተባለው የካሽ ፕሮክሲ ፕሮግራም በደንበኛው (በብሮውዘሩ) በኩል ለ2 ደቂቃ፣ ማለትም ለ120 ሰከንድ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ የ5 ሰከንድ ክፍተትም አለው። አንድ አስተዳዳሪ «ሀብት ለመቆጠብ» ብሎ የስኩዊድን ገደብ ወደ 30 ሰከንድ ቢያወርደው ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና ከላይ የተገለጸው ስህተት ይጀምራል። በሌላኛው ወገን ስኩዊድ ሥራ የፈታን የሰርቨር ግንኙነት ለ1 ደቂቃ ያቆያል። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም 75 ሰከንድ ስለሚጠብቅ ከእርሱ ጋር ይስማማሉ። አፓቼ የተባለው ሌላ የሰርቨር ፕሮግራም ግን በነባሪው 5 ሰከንድ ብቻ ስለሚጠብቅ ቀድሞ የሚዘጋው እርሱ ይሆናል። የሰው ሰርቨር ማስተካከል ባይቻልም ፕሮክሲው እንደ ብሮውዘሩ ጥያቄውን ደግሞ መላክ ስለሚችል ይህኛው ልዩነት ብዙ አያስቸግርም። ሰርቨሩ በራስዎ እጅ ካለ ግን ገደቡን ከፕሮክሲው ከፍ ያድርጉት።

ስህተቱ የሚመጣው ቅጽ ሞልቼ ስልክ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ቅጽ የሚላከው ፖስት በተባለው የጥያቄ ዓይነት ነው። ፖስት ሁለት ጊዜ ከተላከ አንድ ክፍያ ሁለቴ ሊፈጸም፣ አንድ ማመልከቻ ሁለቴ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ብሮውዘሩ በራሱ ሥልጣን ደግሞ ለመላክ አይደፍርም፤ ስህተቱን ለተጠቃሚው ያሳያል። ቅጽ ደግሞ በባሕርይው ለመሙላት ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው፤ ሰው ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ግንኙነቱ ሥራ ፈትቶ ይቆያል፣ «ላክ» የሚለውን የሚጫነውም ልክ ገደቡ ሊያበቃ ሲል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጽ ላይ ብቻ የሚታይ ስህተት ሲገጥም የድረ ገጹን ፕሮግራም ከመውቀስ በፊት የጊዜ ገደቦቹን ማነጻጸር ይገባል። ስኩዊድ በበኩሉ ሊደገም ለማይችል ጥያቄ በነባሪው ወደ ሰርቨሩ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ ይህን ምርጫ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይቀይሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ገጹ ስህተት ሳያሳይ ለረጅም ጊዜ ይንጠለጠላል። ይህስ?

ይህ ከፊተኛው ይለያል። እዚያ ማቋረጫ ፓኬት መጥቷል፤ እዚህ ግን ምንም አልመጣም። በመካከል ያለ ፋየርዎል ወይም አድራሻ የሚተረጉም ራውተር እያንዳንዱን ግንኙነት በሠንጠረዥ መዝግቦ ይይዛል። ግንኙነቱ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካለ መዝገቡን ይሰርዘዋል፤ ለሁለቱ ወገኖች ግን አይነግራቸውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፓኬት እንደማያውቀው ቆጥሮ በዝምታ ይጥለዋል። ብሮውዘሩ መልስ እየጠበቀ ፓኬቱን ደጋግሞ ይልካል፤ ተጠቃሚው የሚሽከረከረውን ምልክት እያየ ይቀመጣል።

ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ፋየርዎል ለተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነት በነባሪው 432,000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ቀን ይሰጣል፤ ብዙ መሣሪያዎች ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ገደብ ይደረግባቸዋል። መፍትሔው የፋየርዎሉ ገደብ ከብሮውዘሩም ከፕሮክሲውም እንዲረዝም ማድረግ ነው። ይህ ካልተቻለ ፕሮክሲው በየተወሰነ ጊዜ ባዶ የቲሲፒ ማረጋገጫ ፓኬት እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል፤ ሊኑክስ የመጀመሪያውን ማረጋገጫ የሚልከው ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ በመሆኑ ያንን ቁጥር ሳያሳንሱ ማረጋገጫውን መክፈት ብቻውን አይጠቅምም።

ቋሚ ግንኙነትን ጨርሶ ባጠፋውስ?

ስኩዊድ በደንበኛውም በሰርቨሩም በኩል ቋሚ ግንኙነትን የሚያጠፋ ምርጫ አለው፤ ሲጠፋም ስህተቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ለፍተሻ ያህል ለአጭር ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ስህተቱ ከጠፋ ምንጩ የጊዜ ገደብ ወይም በቋሚ ግንኙነቱ ላይ የሚፈጠር መደባለቅ መሆኑን ያመለክታል። እንደ መፍትሔ መተው ግን ትክክል አይደለም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ምስልና ስክሪፕት አዲስ ግንኙነት ስለሚያስከፍት መዘግየቱ በተጠቃሚው ላይ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የዘጋው ማሽን እያንዳንዱን የተዘጋ ግንኙነት በሊኑክስ ላይ ለ60 ሰከንድ በተጠባባቂነት ይይዘዋል፤ ወደ አንድ ሰርቨር ለሚወጡ ግንኙነቶች ያሉት የፖርት (የግንኙነት በር) ቁጥሮች በነባሪው ከ32768 እስከ 60999 ብቻ በመሆናቸው ሥራ የበዛበት ፕሮክሲ ቁጥር ሊያልቅበት ይችላል። ሦስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት ጉዳይ የማንነት ማረጋገጫ ነው። ኤንቲኤልኤም የተባለው የማረጋገጫ ዘዴ የሚያረጋግጠው ነጠላ ጥያቄን ሳይሆን ግንኙነቱን ነው፤ ፕሮክሲው ማንነት እንዲረጋገጥ በሚጠይቅበት በ407 ቁጥር የሚጀመረው ምልልስ በአንድ ያልተቋረጠ ግንኙነት ላይ መጠናቀቅ አለበት። ቋሚ ግንኙነት ሲጠፋ ምልልሱ መሃል ላይ ይቋረጥና ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን እየደጋገመ ቢያስገባም ተቀባይነት አያገኝም።

የጠየቅሁት ገጽ ላይ የሌላ ፋይል ይዘት ይመጣል፤ ወይም ገጹ ግማሹ ይጎድላል። ይህ ከግንኙነት ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። በቋሚ ግንኙነት ላይ ምላሾች አንዱ በሌላው ተከትለው ስለሚመጡ የአንዱ ማብቂያና የሌላው መጀመሪያ የት እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች መስማማት አለባቸው። ማብቂያው የሚታወቀው በሄደሩ ላይ በተጻፈው የይዘት ርዝመት፣ ወይም ይዘቱ እያንዳንዱ መጠኑ በተጻፈበት ቁራጭ ሲላክ ነው። አንድ የድረ ገጽ ፕሮግራም ርዝመቱ 5,000 ባይት ነው ብሎ 5,020 ቢልክ ትርፉ 20 ባይት የሚቀጥለው ምላሽ መጀመሪያ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። 204 ወይም 304 የሚል ምላሽ በደንቡ ይዘት አይኖረውም፤ የተሳሳተ ፕሮግራም ይዘት ከጨመረበት ተመሳሳይ መደባለቅ ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ስህተት ከማስቸገርም በላይ የደኅንነት አደጋ ስለሆነ በቶሎ ሊታረም ይገባል፤ የሚታረመውም ፕሮክሲው ላይ ሳይሆን ምላሹን የሚጽፈው ፕሮግራም ላይ ነው።

የግማሽ ገጽ ነገር ደግሞ ሌላ መነሻ አለው። ርዝመቱ ያልተጻፈ የ1.0 ምላሽ ማብቂያው የግንኙነቱ መዘጋት ብቻ ነው። ግንኙነቱ መሃል ላይ በመዝጊያ ፓኬት ከተዘጋ ፕሮክሲው ምላሹ ተፈጽሟል ብሎ ጎዶሎውን ፋይል በካሹ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ቢስተካከልም ለሁሉም ተጠቃሚ የሚደርሰው ያው ጎዶሎ ፋይል ነው።

ካሹን ማጽዳት ይጠቅማል?

ይዘቱ ጎዶሎ ሲሆን ይጠቅማል፤ ያውም ያንን አንድ ፋይል ብቻ ማስወገድ በቂ ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ ግን ካሹን ማጽዳት ምንም አይፈይድም፤ እንዲያውም ሁሉም ጥያቄ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ጫናውን ይጨምራል።

ተጠቃሚ ሲበዛ ብቻ የሚቋረጠውስ?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮክሲው በአንድ ጊዜ ሊከፍታቸው የሚችላቸው ፋይሎች ብዛት ነው። በሊኑክስና መሰሎቹ ላይ እያንዳንዱ ግንኙነት እንደ ክፍት ፋይል ይቆጠራል። አንድ ጥያቄ ብቻውን ለደንበኛው አንድ፣ ለሰርቨሩ አንድ፣ በዲስክ ላይ ላለው ካሽ ሌላ አንድ ሊወስድ ይችላል። የተለመደው ገደብ 1,024 በመሆኑ ጥቂት መቶ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ይሞላል። ሥራ ፈትተው ክፍት የሆኑ ግንኙነቶችም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ስኩዊድ ይህ ሲደርስበት በካሽ ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ገደቡን ከፍ ማድረግም ቀላል ነው።

በብሮውዘሩም በኩል ገደብ አለ። ያለ ፕሮክሲ በኤችቲቲፒ 1.1 ለአንድ ድረ ገጽ እስከ 6 ግንኙነት የሚከፍቱት ክሮምና ፋየርፎክስ በፕሮክሲ በኩል ሲሆኑ ለሁሉም ድረ ገጾች በድምሩ 32 ብቻ ይከፍታሉ። በርካታ ታቦች ግንኙነቱን ይዘው ከቆዩ ቀጣዩ ጥያቄ ወረፋ ይጠብቃል፤ ለተጠቃሚው ግን ፕሮክሲው የተበላሸ ይመስለዋል። ይህን ለመለየት በሌላ ብሮውዘር ያንኑ ገጽ መክፈት በቂ ነው።

ኤችቲቲፒኤስ ገጾች ብቻ የሚያስቸግሩት ለምንድን ነው?

ለኤችቲቲፒኤስ ብሮውዘሩ «ኮኔክት» በሚል ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ 443 ፖርት መተላለፊያ እንዲከፈትለት ፕሮክሲውን ይጠይቃል። ፕሮክሲው 200 ብሎ ከመለሰ በኋላ የሚያልፈው የተመሠጠረ መረጃ ስለሆነ አያነበውም፣ በካሽም አያስቀምጠውም። የስኩዊድ ነባሪ ደንብ ከ443 ውጭ ላሉ ፖርቶች መተላለፊያ ስለማይፈቅድ በሌላ ፖርት የሚሠራ አገልግሎት 403 ያገኛል። መተላለፊያው ምንም ሳያልፍበት 15 ደቂቃ ከቆየም ስኩዊድ ይዘጋዋል፤ በየ15 ደቂቃው ከሚቋረጥ የመልእክት አገልግሎት ጀርባ ይህን ገደብ ይፈልጉ።

መተላለፊያው ተከፍቶ ሲያበቃ ምንም የማያልፍ ከሆነ ደግሞ የፓኬት መጠንን ይጠርጥሩ። የኢተርኔት ልክ 1,500 ባይት ሲሆን በፒፒፒኦኢ (አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች በሚጠቀሙበት የማገናኛ ዘዴ) መስመር ላይ 1,492 ነው። ትልቅ ፓኬት እንደማያልፍ የሚያሳውቀውን የአይሲኤምፒ መልእክት ፋየርዎል ከከለከለው ትንንሾቹ ፓኬቶች ያልፋሉ፤ ሰርተፊኬቱን የያዙት ትልልቆቹ ግን በየመንገዱ ይቀራሉ። አይሲኤምፒን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ደኅንነትን ይጨምራል የሚለው ልማድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሎጉ ውስጥ ምን ልፈልግ?

የስኩዊድ መዳረሻ ሎግ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሰዓቱን፣ ጥያቄው የፈጀውን ሚሊ ሰከንድ፣ የደንበኛውን አድራሻ፣ ውጤቱን፣ የባይቱን ብዛትና አድራሻውን ይጽፋል። ከሁሉ በፊት የሚፈጀውን ጊዜ ይመልከቱ። ቁጥሩ 60,000 አካባቢ ሆኖ 503 ወይም 504 ከተከተለው ፕሮክሲው ወደ ሰርቨሩ ለመገናኘት የ1 ደቂቃ ገደቡን ጨርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። በውጤቱ ላይ «አቦርትድ» የሚል ወይም በአሮጌ ስሪቶች 000 የሚል ቁጥር ካለ ደንበኛው ምላሹ ሳያልቅ ግንኙነቱን ጥሎ ወጥቷል። ከሁሉም የሚበልጥ ትርጉም ያለው ግን የመስመሩ ጭራሹን አለመኖር ነው፦ ተጠቃሚው ስህተት ባየበት ሰዓት በሎጉ ላይ ምንም ካልተጻፈ ጥያቄው ፕሮክሲው ጋ አልደረሰም፤ ፍለጋው ወደ ብሮውዘሩ፣ ወደ ፋየርዎሉና ወደ ፕሮክሲው አድራሻና ፖርት ይዞራል።

ለአስተዳዳሪው ሳመለክት ምን ልላክ?

ስህተቱ የታየበትን ሰዓት እስከ ሰከንዱ፣ የኮምፒውተርዎን አይፒ አድራሻ፣ የተጠየቀውን ሙሉ አድራሻ፣ የመልእክቱን ምስልና ከመጫንዎ በፊት ገጹ ሳይነካ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፉ። የመጨረሻውን ማንም አይጽፈውም፤ ነገር ግን የጊዜ ገደብ ይሁን ሌላ ችግር የሚለየው እርሱ ነው። ሰዓቱ እንዲገጥም የኮምፒውተሩና የፕሮክሲው ሰዓት የተስተካከሉ መሆናቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።